የአዮዋ የመሬት ሰነድ፦ «ታውንሺፕ» ቀበሌ ነው?

ፒያሳ_ትርጉም
ሰላም ለቤቱ። ነገ የሚረከብ የውርስ ሰነድ አለ፣ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ያለ የእርሻ መሬት። የቦታው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ኤንኢ ¼ ኤስደብልዩ ¼ ሴክሽን 16፣ ቲ 80 ኤን፣ አር 5 ደብልዩ፣ 5ኛ ፒ.ኤም.»። ፒ.ኤም.ን ከቀኑ 11 ሰዓት ልበለው? ቲ ታውንሺፕ መሆኑ ገብቶኛል፤ «ቀበሌ» ይሻላል «ወረዳ»?

ቃላድ
ኧረ ሰዓቱን ተወው! 5ኛው ዋና ሜሪዲያን (ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰመረ የቅየሳ መነሻ መስመር) ነው፤ የአዮዋ መሬት በሙሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። ቲ 80 ኤን ማለት አርካንሳስ ካለው መነሻ መስመር ወደ ሰሜን 80ኛው ረድፍ፣ አር 5 ደብልዩ ደግሞ ከሜሪዲያኑ ወደ ምዕራብ 5ኛው ዓምድ። ሁለቱ የሚገናኙበት ካሬ አንድ ታውንሺፕ ነው፦ 6 ማይል በ6 ማይል። በውስጡ 36 ሴክሽን አለ። የአንዱ ጎን 1 ማይል ነው፤ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ካለው መንገድ ትንሽ ይረዝማል። ስፋቱ 640 ኤከር፣ 259 ሄክታር ገደማ፤ ጋሻን በ40 ሄክታር ካሰብከው 6 ጋሻ ተኩል ይጠጋል።

ሲነበብ ከኋላ ወደ ፊት ነው። ለአማርኛ እንዲያውም ይመቻል፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ስለምንሄድ፦ «በሴክሽን 16፣ በደቡብ ምዕራቡ ሩብ ውስጥ ያለው የሰሜን ምሥራቅ ሩብ»። የሩብ ሩብ ስለሆነ 40 ኤከር፣ ማለትም 16.2 ሄክታር ነው። በሁለቱ ሩቦች መካከል ኮማ ወይም «እና» ካለ ግን ሁለት የተለያዩ ሩቦች ይሆኑና 320 ኤከር ይመጣል። ተርጓሚ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህች ኮማ ላይ ነው።

የድሮ_ቀያሽ
ቃላድ ትክክል ነው፣ ግን 40ው ሁልጊዜ 40 አይወጣም። የተለካው በ66 ጫማ (20.12 ሜትር) ሰንሰለት ነው፤ 80 ሰንሰለት አንድ ማይል። ረግረግና ጫካ ውስጥ ሰንሰለት ሲጎተት ስህተት ይጠራቀማል፤ በዚያ ላይ የሰሜን–ደቡብ መስመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ ይቀራረባሉ። ትርፍና ጉድለቱ ተገፍቶ በሰሜን ረድፍና በምዕራብ ዓምድ ሴክሽኖች ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፦ ከ1 እስከ 6፣ ከዚያም 7፣ 18፣ 19፣ 30 እና 31። እዚያ «ሎት 3» የሚል ካየህ ሩብ ብለህ እንዳትተረጉመው፣ የራሱ ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። እዚያ አገር ቀጥ ብሎ የመጣ የገጠር መንገድ በድንገት ወደ ጎን የሚታጠፈውም ብዙ ጊዜ በማስተካከያ መስመር (መቀራረቡን ለማረም ልኬቱ እንደገና በሚጀመርበት መስመር) ላይ ነው።

የሴክሽኖቹ አቆጣጠር በበሬ እንደሚያርስ ሰው ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ 1 ብሎ ወደ ምዕራብ እስከ 6፣ ከ6 ሥር 7 ብሎ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ስለዚህ 16 መሃል አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1785ቱ ሕግ ለትምህርት ቤት ያስቀረው እሱን ነው። የባለቤትነት ሰንሰለቱ (መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ዝርዝር) ከፌዴራል መንግሥት ሳይሆን ከአዮዋ ግዛት ቢጀምር ሰነዱ ጎደለ አትበል።

መዝገብ_አራት_ኪሎ
ስለ ቃሉ፦ «ታውንሺፕ» ብለህ ተወው። በአንድ ስም ሁለት ነገር አለ። ቁጥር ያለው የቅየሳ ካሬ ነው። ስም ያለው (እገሌ ታውንሺፕ፣ እገሌ ካውንቲ) አስተዳደር ነው፤ ድንበሩ ከካሬው ጋር ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል። የአዮዋው ታውንሺፕ ሥራው የእሳት አደጋ፣ የመቃብር ቦታና የአጥር ክርክር ነው። መታወቂያ አይሰጥም፣ ቀበሌ ካልከው አንባቢው ሌላ ነገር ያስባል።

ካሬው ከገበሬው በፊት መሰመሩንም ልብ በሉ። ሳውክና መስክዋኪ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የ1832ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በኋላ በውል መሬታቸውን እንዲለቁ ተደረገ፣ ቀያሾች ገቡ፣ ከዚያ መሬቱ ለሽያጭ ቀረበ። ባዶ ሜዳ ላይ የተሰመረ አይደለም።

ፒያሳ_ትርጉም
ተባረኩ። ግን ፎቶኮፒው ላይ ኮማ ይሁን የቀለም ጠብታ አይለይም።

ቃላድ
ዝቅ ብለህ ስፋቱን ፈልግ። «40 ኤከር፣ ይብዛም ይነስም» ካለ ጠብታ ነው። 320 ካለ ኮማ ነው። ስፋቱ ካልተጻፈ በግምት አትሙላው፣ ዋናውን ቅጂ አስመጣ።