የአክስቴን ልጅ ሰርግ ፎቶ እንዳነሳ ተጠየቅኩ፤ ከየት ልጀምር?

የባሶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ ጥር 17 እሁድ ደብረ ብርሃን ላይ ታገባለች። ጋብቻው በተክሊል ነው። ሌሊት ቅዳሴ፣ ምሳ እነ አክስቴ ግቢ በሚጣለው ድንኳን፣ ማታ ወንዱ ቤት፣ ማክሰኞ ደግሞ መልስ። ፎቶ አንሺዎች የጠሩባቸው ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ሆነና ሙሽራዋ «አንቺ እያለሽ ምን አስጨነቀን!» ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ግን ተቀጥሯል።

ያለኝ ካኖን 700ዲ ካሜራ ከነ18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ ነው። ልደት፣ ምረቃ፣ የጥምቀት በዓል አንስቻለሁ፤ ሰርግ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ቅዳሴው ላይ ጨለማ ነው፤ እዚያ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ድፍረት ይመስለኛል። የሚጣለው ድንኳን ሰማያዊ ሸራ ነው፤ ባለፈው እዚያው ድንኳን ውስጥ በስልክ የተነሳው ሰው ሁሉ ታሞ የተነሳ ይመስላል። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ትልልቅ ሰዎችን «ወዲህ ዞር በሉልኝ፣ ትንሽ ቆዩልኝ» ማለት ነው። ልጅነቴን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት አድርጌ አዛቸዋለሁ? እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ።

ሌንስ ወዳጅ፦

እህቴ፣ የእኔ ምክር አትቀበዪ ነው። ካሜራሽ የሚይዘው አንድ ሜሞሪ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ሰርጉ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ልደት ቢበላሽ በዓመቱ ይመጣል፣ ተክሊል ግን አይደገምም። ቢያንስ ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ባለሙያ ይቀጠር፤ የግማሽ ቀን ዋጋ መደራደር ይቻላል። ድንኳኑንና መልሱን አንቺ ያዢ። የዘመድ ቅሬታ ከባድ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ይተርፋል።

ፎቶ ቤት ደብረ ብርሃን፦

ወንድማችን ስለ ሜሞሪው ያለው ልክ ነው። አትቀበዪ ያለው ላይ ግን አልስማማም።

እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ቆየሁ። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ የሰርግ ፎቶውን ይዞ «ትልቅ አድርገህ አትምልኝ» ብሎ ሲመጣ የትኛውን እንደሚመርጥ አያለሁ። ሙሽሮቹ ዛፍ ተደግፈው የተነሱት እምብዛም አይመጣም። የሚመጣው እናት ያለችበት፣ አባት ያለበት፣ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ያለበት ነው። ተቀጥሮ የመጣ ሰው ጥግ የተቀመጡት እማሆይ የሙሽራዋ ክርስትና እናት መሆናቸውን አያውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ተቀበዪ። ብቻ ለሙሽራዋ ዛሬውኑ የምትችይውንና የማትችይውን ንገሪያት፤ እንዲያውም ሙሽራው ባለበት ቢሆን ይሻላል።

ስለ ሌንሱ። 18-55ሽ ስታቀርቢበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል)፤ ለቅዳሴ አይበቃም። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ፈልጊ፤ ከዚያኛው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንቺ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ሆኖ አቅርቦ ስለሚያሳይ ራቅ ብለሽ ቆመሽ እንኳ ፊት ታገኚበታለሽ። ኤም (ሁሉን ራስሽ የምትወስኚበት) ላይ አድርጊና ኤፍ 2፣ ሹተር (የማንሻው ፍጥነት) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ይዘሽ ጀምሪ። ኖይዝ (ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ) ይኖረዋል፣ አያስፈራሽ፤ በተለመደው መጠን ሲታተም ብዙም አይታይም። የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ምንም አያድነውም። ካሜራው ሁሉን ራሱ የሚወስንበትን አረንጓዴውን ኤ ፕላስ በፍጹም አትንኪ፤ ጨለማ ሲያይ ሳትጠይቂው ፍላሹን ብድግ ያደርገዋል። ፎከስ ሲይዝ የሚጮኸውንም ድምፅ አጥፊው።

ብርዱን አንቺው ታውቂዋለሽ። በጥር ሌሊት ከውጭ ገብተሽ ሰው በሞላበትና ጧፍ በሚበራበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ስታወጪ መስታወቱ ላይ ላብ ይጥላል። በነጠላሽ ጫፍ አትጥረጊው፣ ይባስ ያጨማልቀዋል። ቀደም ብለሽ ግቢና ካሜራው ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሩብ ሰዓት ያህል ይሙቅ። ትርፍ ባትሪውን ከሹራብሽ ሥር ያዢ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። የ700ዲ ባትሪ በደህና ቀን 440 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ በአንድ ባትሪ ሰርግ አይወጣም።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ሰማያዊ ሸራ ሥር ያለ ሰው ላይ የሚወርደው ብርሃን ራሱ ሰማያዊ ነው። በሮው (ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር እንዳለ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሺ፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የምታስተካክይበት አቅም የሚሰጥሽ እሱ ነው። ፍላሽ ካገኘሽ ወደ ጣሪያው አታቅኚው፣ ሰማያዊ ለብሶ ይመለስልሻል። ከሁሉ የሚሻለው ቅዳሜ ድንኳኑ ሲጣል እዚያ መገኘት ነው። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ ጨረሯ በቀጥታ በማይገባበት በሰሜን በኩል ያለውን መጋረጃ «ይሄ ይነሳልኝ» ብለሽ አስነሺው። ድንኳን የሚተክሉት ልጆች አንድ መጋረጃ ለማንሳት አይከብዳቸውም፤ እሁድ ግን ጠረጴዛ ከተደረደረ በኋላ ማንም አይሰማሽም። የሙሽሮቹ ወንበር በዚያ አቅጣጫ ቢዞር ደግሞ ግማሹ ችግርሽ ተቃለለ።

ነጭ ልብስ ሌላ ጣጣ ነው። ሙሽራዋ ነጭ፣ ሕዝቡ ነጠላ። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ የሰው ፊት አብሮ ይጠቁራል። በኤቪ (ቀዳዳውን አንቺ፣ ሹተሩን ካሜራው በሚወስንበት) ከሆነ የምታነሺው፣ ፎቶው ፈካ እንዲል የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 2/3 ውሰጂውና የቀሚሱ ጥልፍ እንዳልጠፋ በስክሪኑ እያጎላሽ እዪ።

ጉልበት መሳሙን ለይቼ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነው። ሙሽሮቹ ሲያጎነብሱ ፊታቸው አይታይም። ከኋላቸው ከቆምሽ የምታገኚው ጀርባና ቬሎ ብቻ ነው። ቀድመሽ ወላጆቹ ወንበር ጎን ተንበርከኪ፤ ዓይንሽ ከተቀመጡት እናት ዓይን እኩል ይሁን። የሙሽራዋ ራስ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ አንዴ አንሺ። እንዳትነሺ፣ ካሜራውንም አታውርጂ። እናትየው እጃቸውን ራሷ ላይ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምርቃቱ ሲያልቅ በትከሻዋ ይዘው ያነሷትና ይስሟታል። ሁለቱም ፊቶች አንድ ላይ የሚታዩት ያኔ ነው፣ በጣም አጭር ነው። ሹተርሽ 1/200 ይሁን፤ ሌንሱንም ከኤፍ 2.8 በላይ አትክፈቺው፣ አለዚያ የአንዷ ዓይን ጠርቶ የሌላዋ ይደበዝዛል።

ከደብሩ፦

ሰላም። በአንድ ደብር በዲቁና አገለግላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ቀድማችሁ ከአስተዳዳሪው ጋር ጨርሱ፤ እሁድ ሌሊት በር ላይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት በሥራ ቀን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ጫማ አውልቀሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ በሴቶች በኩል ቁሚ። ፊትሽን ወደ መቅደሱ ስታዞሪ ቀኙ ነው። ቀለበቱ፣ ካባው፣ ቅብዐ ቅዱሱና አክሊሉ በየተራ ስለሚመጡ ቅደም ተከተሉን ከሚያደርሱት ካህን ጠይቂ፤ ያኔ ወዲያና ወዲህ መሮጥ አይኖርብሽም። ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ ካሜራሽን አውርጂ። በእኔ ደብር ያ ጊዜ አይነሳም፤ ሌላም ቦታ ቢሆን እንዲህ ብታደርጊ እመክርሻለሁ።

የጥር ሙሽራ፦

እኔ ደግሞ ሙሽራ ከነበርኩበት ልናገር። ለፎቶ ከፍለን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለውን ሰዓት ሁሉ መናፈሻ ውስጥ ቆመን ጨረስነው። አበባ ይዤ፣ ወደ ሰማይ አይቼ፣ ከሚዜዎቼ ጋር ዘልዬ የተነሳሁት አልበሙን ሞልቶታል። አባቴ ሲመርቀኝ የተነሳው አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም ከኋላዬ። አባቴ በማግሥቱ ዓመት አረፈ። ከላይ ጋሼ ስለ ጉልበት መሳም የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ። እባክሽ እሱን አንሺላት፤ ሌላው ቢቀር ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንዶቹ ስላላነሱት። በዚያ ሳምንት የወር አበባሽ ከመጣ በሥርዓታችን ወደ ውስጥ አትገቢም። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ የምታምኚውን ሰው፣ ወንድምሽም ይሁን የሰንበት ተማሪ፣ ካሜራውን አለማምጂው። አንቺ ቅጥሩ ውስጥ ሆነሽ ሙሽሮቹ ሲወጡ ትቀበያቸዋለሽ። አክሊል ደፍተው፣ ካባ ደርበው የሚወጡበት ጊዜ ደግሞ ከውስጡ የማያንስ ፎቶ ነው። ይሄን ቀድሞ ማሰብ አያሳፍርም።

የባሶ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ስለ ወር አበባው ያልሽውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን ዛሬ ማለማመድ እጀምራለሁ። ዲያቆን፣ ማክሰኞ ከአጎቴ ጋር ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የቤተሰብ የኅብረት ፎቶ መቼ ይሻላል? ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ደግሞ ትልቅ መብራት አለው፤ ከፊቴ እየቆመ ቢያስቸግረኝ ምን ላድርግ? 50 ሌንስም ጠይቄ ጠይቄ አላገኘሁም።

ፎቶ ቤት ደብረ ብርሃን፦

የኅብረት ፎቶ ምሳ ከመቅረቡ በፊት። ሰው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ተነሱ ማለት ነውር ነው፣ አይነሱምም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ሰው መጥራቱን ለአንቺ አልተወውም፤ ከሴቷ ወገን አንድ፣ ከወንዱ ወገን አንድ፣ ሰው የሚታዘዛቸውን ዘመዶች ያዢና ዝርዝሩን ስጫቸው። ከጥሪው ጋር አንቺ አትነካኪም፤ ያ ያስጨነቀሽ ነገር እዚያው አለቀ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይነሱና ይቀመጡ፣ ወጣቱ ይጠብቃል። ከድንኳኑ ውጭ ጥላ ያለበት ግድግዳ ፈልጊ፤ የጥር የቀትር ፀሐይ ፊት ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ለሁለት ለሦስት ረድፍ 18-55ቱን ኤፍ 8 ላይ አድርጊው። ከእያንዳንዱ ቡድን ደጋግመሽ አንሺ፣ ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋም።

ቪዲዮ ቀራጩን ከሰርጉ በፊት ደውለሽ ተዋወቂው። መብራቱ ለአንቺም ይጠቅማል፤ እሱ አጠገብ ቆመሽ በመብራቱ አቅጣጫ ካነሳሽ ፊት ሁሉ ጠፍጣፋ ይወጣል፣ ከመብራቱ ራቅ ብለሽ በሌላ አቅጣጫ ስታነሺ ግን ፊት ቅርፅ ያገኛል። «ጉልበት ሲስሙ እኔ በእናቲቱ ግራ እሆናለሁ» በይው፤ እሱም ቦታውን ይመርጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይደሰታል።

ሜሞሪውን በተመለከተ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው፣ ምሳው ለብቻው፣ ማታው ለብቻው በተለያየ ሜሞሪ ይሁን። የአንቺ ካሜራ አንድ የሮው ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ባለ 32 ጊጋ ለእያንዳንዱ ይበቃል። የሞላውን ካሜራ ቦርሳው ውስጥ አትተዪው፣ ለእናትሽ ስጪ። እሁድ ሌሊት የቱንም ያህል ቢደክምሽ ሁለት ቦታ ገልብጠሽ ተኚ፤ ሙሽራዋ ፎቶዎቿን በእጇ እስክትቀበል ድረስ ደግሞ አንዱንም ሜሞሪ አታጥፊ።

ሌንሱ እኔ ጋ አለ። ሐሙስ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ነኝ፤ ካሜራሽን ይዘሽ ነይና እዚሁ ገጥመን እንሞክረው፣ ከመልሱ በኋላ ትመልሺልኛለሽ። ወንድምሽንም ይዘሽው ነይ።