ኢምፓክት ቬስቴን አይጥ በላው፤ ቅዳሜ ላንጋኖ ነን፣ ምን ላድርግ?

ሂሩት (ሰንዳፋ)፣ ሐሙስ ማታ 2፡10
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ! ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ ላንጋኖ እንወጣለን። አሁን ዕቃ ላዘጋጅ ብዬ ኢምፓክት ቬስቱን (ውሃ ላይ ስንወድቅ ጎድንን ከምት የሚያድነውን ሰደርያ) ከዕቃ ቤት ሳወጣው አይጥ በልቶታል። ከገብሱ ጆንያ ጎን ነበር የሰቀልኩት። በግራ በኩል ከብብት በታች፣ ልክ ጎድን አጥንት ላይ፣ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጨርቁ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ውስጡ ያለው ፎምም ተቦርቡሯል። ቬስቱ ያለበት ቦርሳ ሥር ፈንዲሻ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። የቀኙ ጎን ደህና ነው፣ ዚፑም ይሠራል። ይጠገናል ወይስ ሌላ ልፈልግ? ዊንድሰርፍ ነው፣ ማለት ሸራ ያለው የውሃ ቦርድ፤ ከሥሩም ፎይል፣ ማለት ቦርዱን ከውሃው በላይ የሚያነሳ ክንፍ፣ ያለው። ቬስቱን የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ነው ያመጣልኝ፤ እዚህ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

ብሩክ (ለገጣፎ)፣ 2፡18
አይዞሽ እህቴ፣ ማስቲሽ ነው መፍትሔው። ጫማ ሰፊ ጋ ውሰጂው፣ 10 ደቂቃ አይፈጅበትም።

ናቲ (ሰበታ)፣ 2፡21
ገብሱን ትቶ ፎም የመረጠ አይጥ! እሱንም ላንጋኖ ውሰጂው፣ ከእንግዲህ አይሰምጥም። ከምር ግን ቀዳዳውን ስፖንጅ ጠቅጠቂበትና አሰፊው። ከፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ እኔ ጋ አለ፣ ነገ ወደዚያ ስለምመጣ ላደርስልሽ እችላለሁ።

መኮንን (ሱሉልታ)፣ 2፡40
ልጄ፣ የፍራሽ ስፖንጅ እንዳታስገቢ። ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ ደረቅ ሳለ እንደ ላባ ይቀልና ውሃ ውስጥ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል። የቬስት ፎም ግን ውስጡ ያሉት የአየር ኪሶች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ናቸው። ውሃ የማይገባው፣ ሲመታም ምቱን ዙሪያውን የሚበትነው ለዚህ ነው።

ስለ ጥገናው ከማውራታችን በፊት ግን ከውስጥ በኩል የተሰፋውን ጨርቅ አንብቢ። አብዛኛው ኢምፓክት ቬስት ላይ “የመንሳፈፊያ መሣሪያ አይደለም” የሚል ተጽፏል። ሥራው ጎድንሽን ከምት ማዳን ነው። 50 ኒውተን ተብሎ የተመሰከረለት ከሆነ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ያነሳል ማለት ነው። እሱም ቢሆን ዋና ለሚችልና ሰው በቅርብ ላለው ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ገልብጦ ፊቱን ወደ ላይ አያደርግም። ያንን የሚያደርገው 150 ኒውተኑ ላይፍ ጃኬት ነው። ሲኢ (CE) የሚል የአውሮፓ ደንብ ምልክት ስላየሽም አትታለይ፤ ምልክቱ ለምት ይሁን ለመንሳፈፍ ዝርዝሩን አንብቢ።

አዲስ የምትገዢ ከሆነ ልኩ ላይ አትደራደሪ። ልበሺውና ዚፑን ዝጊ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። አገጭሽ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው። የቬስቱ ላስቲክ መሰል ጨርቅ፣ ኒዮፕሪኑ፣ ሲረጥብ ይላላል፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ትንሽ የሚጨንቅሽ ነው ውሃ ውስጥ ልክ የሚሆነው። ርዝመቱ ከወገብ ሐርነሱ (ሰውነትሽን ከሸራው ጋር የሚያያይዘው ባለ መንጠቆ ቀበቶ) በላይ ማለቅ አለበት፤ ከረዘመ ሐርነሱ እየገፋ አንገትሽ ሥር ይሰበስበዋል። ለጀልባ ስኪ የተሠራውን ወፍራሙን የማልመክረው ለዚሁ ነው። በጎን የሚዘጋ ካገኘሽ ደግሞ የተሻለ ነው፣ የፊት ዚፕ ከሐርነሱ መንጠቆ በላይ ሆድ ላይ ይቆረቁራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ላንጋኖ 1,585 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ወደ 15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይል ያንሳል። ሰው ያን ለማካካስ ትልቅ ሸራ ይይዛል፣ ትልቅ ሸራ ደግሞ ሲወድቅብሽ ይከብዳል።

ብሩክ (ለገጣፎ)፣ 2፡44
ጋሼ ሁሉንም አሉት። ማስቲሹን ግን አትርሺ።

ዮዲት (ለገጣፎ)፣ 2፡52
ሂሩት፣ ከሁሉ በፊት ጓንት አድርገሽ በሳሙና እጠቢው፣ በደንብም ይድረቅ። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ በቆሰለ ቆዳ ይገባል፣ አንቺ ደግሞ እርጥብ ልብስ ለብሰሽ ቀኑን ሙሉ ልትፋተጊ ነው። በረኪና አትንኪ፣ ኒዮፕሪኑን ያደርቀዋል። ለመሙያ የዮጋ ማት ግዢ፣ ወፍራሙን፣ ሲጫኑት ቶሎ የሚመለሰውን። ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭነሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ውሃ ካልጠጣ ይሆናል።

ሄኖክ (ቡራዩ)፣ 3፡05
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ለሸራ ሰው ቬስት ምን ያደርግለታል? ሸራው ላይሽ ላይ ሲወድቅ ጠልቀሽ በጎን መውጣት አለብሽ፤ ያ ሁሉ ፎም ወደ ላይ እየገፋ ከሸራው ጋር ያጣብቅሻል። እኔ ለዓመታት በቲሸርት ነው የነዳሁት፣ ምንም አልሆንኩም። የሞተረኛ የደረት መከላከያ ከመርካቶ ገዝቶ የሚለብስም አይቻለሁ።

መኮንን (ሱሉልታ)፣ 3፡14
ሄኖክ፣ ስለ ሸራው ያልከው እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ቀጭኑ የሚመረጠው። ግን አንተ የምትነዳው ከሥሩ ፊን፣ ማለት የዓሣ ክንፍ የመሰለ ትንሽ ሰሌዳ፣ ብቻ ያለውን ነው። ፎይል ሌላ ነገር ነው። ቦርዱ ከውሃው በላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይሄድና ክንፉ ድንገት ከውሃ ሲወጣ ቦርዱ ከሥርህ ይከዳሃል፤ አንተ በሆድህ ክንፉን ከቦርዱ ጋር በሚያያይዘው ምሰሶ ወይም በክንፉ ላይ ታርፋለህ። የክንፉ ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። የሞተረኛው መከላከያ ውስጥ ያለው ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክና ውሃ የሚጠጣ ስፖንጅ ነው፣ ማሰሪያውም ሸራው ገመድ ላይ ይጠላለፋል። ውሃ ላይ ማንም እንዳይለብሰው።

ሂሩት (ሰንዳፋ)፣ 3፡30
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ጨርቁ ላይ የተጻፈው ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ የመንሳፈፊያ መሣሪያ አይደለም ይላል። አንድ ነገር አልነገርኳችሁም፤ ቅዳሜ የሚለብሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። 16 ዓመቱ ነው፣ ፎይሉን ሊሞክር ነው። ዋና ያን ያህል አይችልም፣ ግን እኔ አጠገቡ ነኝ።

ዮዲት (ለገጣፎ)፣ 3፡31
ሂሩት! ይሄን መጀመሪያ ነው መናገር።

መኮንን (ሱሉልታ)፣ 3፡42
እንግዲህ ስለ ቀዳዳው ያወራነው ሁሉ ይቆየን። ቬስቱ አዲስ ቢሆን እንኳ ለዚህ ልጅ አልሰጠውም። ዋና የማይችል ሰው ፎይል ላይ አይወጣም። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፣ ጭንቅላቱ ከገባ ከሁለት ሜትር ርቀት አታገኚውም። አንቺስ ሸራሽን ይዘሽ በምን ፍጥነት ነው የምትደርሺለት? ፎይሉን ፍቺና ሰፊውን ቦርድ በፊን፣ በትንሽ ሸራ ስጪው። በደረቱ ውሃ፣ ነፋሱ ወደ ዳር በሚገፋበት ቦታ ይለማመድ፣ ነፋሱ ወደ መሐል የሚነዳ ከሆነ ግን ጭራሽ አይግባ። ላይፍ ጃኬቱን ከጀልባ ሰዎች ተከራዪለት፣ የእግር መካከል ማሰሪያ ካለውም ይታሰር። ጥልቀት በሌለው ቦታ ፎይልማ ጭራሽ አይሆንም፤ ምሰሶው ራሱ ከ70 እስከ 90 ሴንቲሜትር ነው፣ መሬቱን ሲነካ ተወርውሮ ይወድቃል።

ሄኖክ (ቡራዩ)፣ 3፡50
በዚህስ ከጋሼ ጋር ነኝ። ፎም ሸራ ሥር ያስቸግራል ያልኩት ዋና ለሚችል ነው። ለልጁ ላይፍ ጃኬቱ የግድ ነው። የራስ ቁርም አድርጊለት፣ ቡሙ፣ ሸራው የሚያዝበት ዘንግ፣ ግንባር ላይ ሲያርፍ ቀላል አይደለም።

ናቲ (ሰበታ)፣ 3፡55
ስፖንጁን ይዤ ቀረሁ በቃ። ለእናቴ ወንበር ይሆናል።

ሂሩት (ሰንዳፋ)፣ ዓርብ ማታ 1፡20
ወንድሜ አኩርፏል፣ ግን ፎይሉን ከቦርዱ ፈታሁት። ላይፍ ጃኬት ላንጋኖ የሚያከራይ ሰው በስልክ አግኝቻለሁ። ቬስቱን ለራሴ ልጠግነው ነው። ዮጋ ማቱን ጣፎ አደባባይ አካባቢ አገኘሁት፣ 1 ሴንቲሜትር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ባልዲ ውስጥ ነበር፣ አሁን ሳወጣው አልከበደም። የተበላውን ፎም በቢላ አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩና ማቱን በዚያው ልክ ሁለት ድርብ አስገባሁ። ጫማ ሰፊው ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው ሊያጣብቀው ሲል አስቆምኩት፣ ልክ ነኝ?

ብሩክ (ለገጣፎ)፣ 1፡24
ልክ ነሽ! ሁለቱንም ፊት ይቀባ፣ ጣት ሲነኩት እስከማይጎትት ይጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ ገጥሞ በመዶሻ ይምታው። መጀመሪያ ግን ማስቲሹን ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፣ አንዳንዱን ፎም ያቀልጣል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላይ በናይለን ክር ይሰፋልሽ፣ መርፌው ፎሙን ቢወጋም ግድ የለም።

ዮዲት (ለገጣፎ)፣ 1፡31
ያም ሆኖ የተጠገነው ጎን እንደ ድሮው አይሆንም። ማቱ ለመንጠፍ እንጂ ለምት ተብሎ አልተሠራም። ቅዳሜ ነፋሱ ከበረታ ፎይሉን ለሌላ ቀን አቆዪው።

ናቲ (ሰበታ)፣ ሰኞ ጠዋት 3፡00
እሺ፣ እንዴት ዋላችሁ?

መኮንን (ሱሉልታ)፣ ሰኞ ማታ 1፡15
ልጄ፣ ቬስቱ ይቆይ። የልጁን ደህንነት ብቻ ጻፊልን።

ሳሚ (ሰንዳፋ)፣ ረቡዕ 6፡40
ሰላም ለሁላችሁ። የኔም ቬስት ጎኑ ተቀዷል። ዮጋ ማቱ ጣፎ አደባባይ በየትኛው በኩል ነው?