ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ እንዴት ይቆይ?

ጠያቂ፦ እናቴ ፎገራ ላይ ሩዙ ሲነሳ ሽንኩርት ትተክላለች። ሁሉም አንዴ ስለሚያወጣ ነጋዴው ዋጋ ይሰብርባታል። እንዳታቆየው ይበሰብስባታል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እናትሽ ውሃ መቼ ነው የሚያቆሙት? እኛ አንገቱ፣ ቅጠሉ ከራሱ የሚወጣበት ማለቴ ነው፣ መተኛት ሲጀምር እናቆማለን። እስከ መጨረሻው የጠጣ ሽንኩርት አይቆይም። ተነቅሎም ቅጠሉ ቶሎ አይቆረጥ፤ ጥላ ስር ይድረቅ። አንገቱን በጣት ስትጨምቂው ካልረጠበ ያኔ ቁረጡት። ደግሞ በጆንያ አትጠቅጥቁት! ቆጥ ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ ነፋስ ያግኘው።

መልስ 2፦ ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ማዳበሪያም አንገቱን ያወፍረዋል። ወፍራም አንገት ቶሎ ይበሰብሳል።

መልስ 3፦ ሁሉም መሬት ሽንኩርት አይሁን። እኔ ጥጉ ላይ ቆስጣና ቃሪያ አለኝ፤ ቅዳሜ ባሕር ዳር ይወጣል። የዘይቱም የደብተሩም ብር ከዚያ ነው። ነጋዴ ሲመጣ አልርበተበትም።

ጠያቂ፦ ዩሪያውን ማን እንደመከራት እንጃ፣ እስኪነቀል ድረስ ነው የምትበትነው። ዛሬውኑ እደውላለሁ።