ዴንበሪ ኮረብታ ላይ ያን ሁሉ ጉድጓድ ለምን ቆፈሩ?

የሀምፕሸሯ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ዴንበሪ ወጣን። እዚህ ደቡብ እንግሊዝ ያለ የጥንት ምሽግ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የተሠራ። የአፈር ቅጥሩ ዛሬም ያስደንቃል። ግን ውስጡ ከ2,000 በላይ ጉድጓድ ተገኝቷል አሉ። ምሽግ ከሆነ ይህ ሁሉ ጉድጓድ ምን ይሠራል? የውሃ ነው?

የጭሮ ልጅ፦
የእህል ነው እህቴ! እኔ ያደግኩት ሀረርጌ ነው፤ አያቴ ማሽላ የሚያስቀምጡት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የዴንበሪውም እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። መሬቱ ጠመኔ ስለሆነ ለመቆፈር ይመቻል።

አሠራሩ ግሩም ነው። አፉ በጭቃ ይመረጋል። ግድግዳውን የነካው እህል ትንሽ ይበቅልና ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የተቃጠለ አየር ሲሞላ ብቅለቱ ይቆማል፣ ነቀዝም አይኖርም። መሀል ያለው እህል ደህና ሆኖ ይከርማል፤ ለዘርም ይሆናል። ፒተር ሬይኖልድስ የሚባል ተመራማሪ እዚያው ሀምፕሸር፣ በትሰር በተባለው የሙከራ እርሻ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ እህል አስቀምጦ አሳይቶታል።

ስለ ዴንበሪ ሲወራ ሁሉም የሚያየው ቅጥሩን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጉድጓዱ ነው። የአካባቢው ገበሬ የከርሞ ዘሩን ያኖረው እዚያ ይመስለኛል።

ታሪክ ወዳድ፦
ምሽግነቱስ ታዲያ? የወንጭፍ ድንጋይ በሺዎች ተገኝቷል። የምሥራቁ በርም መጨረሻ ላይ ተቃጥሏል።

የጭሮ ልጅ፦
ልክ ነህ። ግን ዘር ያለበትን ቦታ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? የሚጠበቀውም የሚዘረፈውም እሱ ነው።

የሀምፕሸሯ እናት፦
ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰው አፅም ጉድጓዱ ውስጥ ተገኘ የሚባለውስ?

የጭሮ ልጅ፦
አዎ፣ የፈረስና የውሻም አለ። ከ1969 እስከ 1988 ቁፋሮውን የመሩት ባሪ ከንሊፍ መሥዋዕት ነው ባይ ናቸው። እህሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ መሬቷን ለማመስገን የተደረገ ማለት ነው። እኔም ይህን አምናለሁ። ለልጆቹ ግን አንዶቨር ያለውን ሙዚየም አሳዪአቸው ብዬ እመክርሻለሁ፤ ከዴንበሪ የወጣው ዕቃ ያለው እዚያ ነው።