የአጥቢያችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

የቢቸናው ዲያቆን፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አጥቢያችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሶሶው ጽድ ነው። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ዙሪያውን በአቡጀዲ ላይ የተሣለ ሥዕል ለብሷል፤ በበሩ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙት መላእክት አሁንም ቀለማቸው ደማቅ ነው። ክዳኑ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተቀየረው በአባቶቻችን ዘመን ነው። አሁን በሰሜን በኩል የውጪው ግድግዳ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሆዱን ነፍቷል። ሰበካ ጉባኤው አፍርሰን በብሎኬት ሰፊ ሕንፃ እንሥራ ብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። ቄሰ ገበዙ ግን «ሥዕሉስ የት ይገባል?» እያሉ አልተዋጠላቸውም። ምእመኑም አይፈረድበትም፤ በንግሥ ቀን አብዛኛው ሰው ውጪ ነው የሚቆመው። ግድግዳው ይድናል ትላላችሁ? እስከዚያው በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

የማርቆሱ አናጢ፦
ሲሚንቶውን እርሳው ልጄ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ቤተ ክርስቲያን ስጠግን ነው፤ በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ያላጠፋው ግድግዳ አላየሁም። ጭቃ ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ይተፋል። በሲሚንቶ ስታሽገው መውጫ ያጣል። ከውጪ አምሮ ቆሞ ውስጥ ለውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጡም ይገባል።

መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የሣር ክዳን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይንዠረገግ ነበር። ቆርቆሮ ሲለብስ ግን ቆርቆሮ ለመቆጠብ ጠርዙን ያሳጥሩታል፤ ጠብታው ግድግዳው ሥር ያርፍና እየፈናጠረ ይበላዋል። ሌላው መቃብር ነው። ዐፀዱ ውስጥ በተቀበረ ቁጥር አፈሩ ከፍ ይላል፤ ኋላ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ወጥቶ ጭቃውን ይነካዋል። ሂድና የሰሜኑን በኩል እይ።

የክብ ቤት ጸጋው ይህ ነው፦ የጣሪያው ወራጅ አናቱ ከመቅደሱ በላይ ታስሮ፣ ወገቡ በመካከለኛው ክፍል በቅድስቱ፣ እግሩ በውጪው በቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የውጪውን ግድግዳ ድጋፍ እያቆማችሁ በየክፍሉ መንቀል ይቻላል፤ መቅደሱን የሚነካው የለም። ሆዱን የነፋውን ብቻ አፍርሱ። የበሰበሰውን ማገር በጽድ ወይም በወይራ ተኩ። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጣችሁ በደንብ እስኪቦካ ጠብቁ፣ ከዚያ ምረጉ። የቸኮለ ምርጊት ይሰነጠቃል።

የመርጡለ ማርያም ልጅ፦
አባባ ያሉት ደግ ነው፤ ግን ዝናብ ላይ የምትቆመው እናቴ ብትሆን እኔም ትልቅ ሕንፃ ነው የምለው። ደግሞ የጥንቱ ሁሉ ክብ ነበር ያለ ማነው? እኛ ጋ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው፣ ግራኝ ካጠፋው በኋላ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን በጥርብ ድንጋይ ነው። ፍርስራሹ ላይ የተቀረጸውን አበባ ዛሬም ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። የክቡ ሥራ በብዛት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የዘጌዎቹን እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ግን ክቡን አፍርስ ለማለት አፉ አይደፍርም፤ እሱን አልክድም።

ከፍኖተ ሰላም፣ አሁን እንግሊዝ፦
እኛ እዚህ እሑድ የምናስቀድሰው ከአንግሊካኖች በተከራየነው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ረጅም የድንጋይ ቤት ነው፤ ምዕራብ ጫፉ ላይ የደወል ማማ፣ መሠዊያው በምሥራቅ፣ መግቢያው በደቡብ በኩል። እንደ እኛው ወደ ምሥራቅ ዞሮ መሠራቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃ ለመስቀል ሚስማር እንምታ ብንል ቄሱ ደንግጠው ከለከሉን። ለካ ሕንፃው ላይ ለውጥ የሚደረገው «ፋከልቲ» በሚሉት የሀገረ ስብከት ፈቃድ ነው። ከ1955 (በፈረንጅ) ጀምሮም በየአምስት ዓመቱ ባለሙያ መጥቶ ከጣሪያ እስከ መሠረት እንዲመረምር ሕግ አለ። ሪፖርቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሸንዳ ነው፤ አባባ እንዳሉት ውኃ!

ይህንን የያዙት ግን ከተቃጠሉ በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እናድሳለን እያሉ የስንቱን አጥቢያ የጥንት ልስን ፍቀው አራቁተውታል። ዊልያም ሞሪስ የሚባል ሰው በ1877 (ይኸም በፈረንጅ) የአሮጌ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ያቋቋመው በዚህ ተናዶ ነው።

ሕዝቡ ሲበዛባቸው ደግሞ የዱሮዎቹ ሁሉን አያፈርሱም ነበር። የጎን ግድግዳውን በቅስትና በምሶሶ ከፍተው ከአጠገቡ ሌላ ክፍል ይቀጥሉበታል፤ የእኛው የተከራየነውም የሰሜን ጎኑ እንደዚያ የተጨመረ ነው። ክብ ላይ ይህ አይሆንም። አዲሱን ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ፣ አሮጌው ይቁም ነው የምለው።

የቢቸናው ዲያቆን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቄሰ ገበዙ ጋር ሄደን አየነው። በሰሜን በኩል አፈሩ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ በደቡብ ግን ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ቄሰ ገበዙ «ይኸው!» ብለው በመቋሚያቸው አፈሩን ሲወጉት ጫፉ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል። ሰበካ ጉባኤው ከትንሣኤ በኋላ ይሰበሰባል። አሮጌውን ጠግነን አዲሱን ከምዕራብ በኩል ሰፊው ሜዳ ላይ እናድርግ ብዬ ላቀርብ ነው። ጥገናው ሲጀመር ታቦቱ መቃኞ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማደሪያ፣ ይገባል። ሥዕሉንስ አንስተን እናቆየው?

የማርቆሱ አናጢ፦
በፍጹም! አቡጀዲው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው ያረጀው፤ ስትልጡት ቀለሙ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የተነሣ ሥዕል ደግሞ ተጠቅልሎ የሚሄድበት አይታወቅም። የምትነኩት የውጪውን ግድግዳ ስለሆነ ባለበት ይቆይ፤ አቧራ እንዳይገባ የቅድስቱን በሮች በሸራ ጋርዱ። ብሩህ ላድርገው ብሎ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል እንዳይጠጋ። አስቀድማችሁ እያንዳንዱን ፎቶ አንሡ፣ አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከት ስጡ።

የቅርስ አዋጁም (209/1992) ያለ ፈቃድ ቅርስ መጠገን ይከለክላልና የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ቀድማችሁ በደብዳቤ ፈቃድ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ጉባኤውንም ያለዝበዋል። ለውኃው መውረጃ ቦይ የመቅደዱንና አፈሩን የማንሣቱን ነገር እዚያው ደብዳቤ ላይ ለብቻው «አስቸኳይ» ብላችሁ ጻፉት፤ ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ስትቆፍሩ መቃብር ያለበትን ሽማግሌዎቹ ያሳዩአችሁ።