ጃቫ ገጠር የሩዝ ማሳ ልንገዛ ነው፤ ወረቀቱ በማን ስም ይሁን? የአይጥ ሽቦውንስ ምን ላድርገው?

ጠያቂ፣ ከንጋዊ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴን ያገኘኋት እዚያው ነው፤ ኢንዶኔዥያዊት ናት። ሁለት ልጆች ወልደናል። ከሰባት ወር በፊት ጠቅልለን እሷ ወደተወለደችበት መንደር ገባን። ቦታው ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ ንጋዊ የሚባል አውራጃ ነው። ከላዉ ተራራ በስተሰሜን ያለ ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ሩዝ ብቻ። ፓምፕ ስላለ በዓመት ሦስቴ የሚያጭድ አለ።

ሦስት ነገር ጨንቆኛል።

አንደኛ፣ ጎረቤታችን 200 ሩ ማሳ ሊሸጥልን ነው። ሩ የዚህ አገር መለኪያ ነው፤ አንዱ 14 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያጠራቀምነው ገንዘብ ይበቃል። ግን ሰውዬው ካርታ የለውም። ያለው «ሌተር ሴ» የሚሉት፣ ከመንደሩ መዝገብ የተገለበጠ ወረቀት ነው። ካልሆነ ደግሞ በ«ጋዳይ» ያዙት ይሉናል። ገንዘቡን እንሰጠዋለን፤ እስኪመልስልን እኛ እናርሳለን። የኛው ወለድ አገድ ማለት ነው። የትኛው ይሻላል? የእኔ ስምስ ይገባል ወይ?

ሁለተኛ፣ የባለቤቴ ወንድም ማታ ማታ በማሳው ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋል። ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ በቀርከሃ ችካል የተያዘ እርቃኑን ያለ ሽቦ ነው። መብራቱን የሚስበው ከውሃ ፓምፑ ቆጣሪ ነው። ለአይጥ ነው። ጠዋት አሥር አሥራ አምስት አይጥ ይለቅማል። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ከቁርዓን ቤት የሚመለሰው በዚያው የማሳ ድንበር ላይ፣ ሊጨልም ሲል ነው። እንቅልፍ አጣሁ። በሰው አገር እንግዳ ሆኜ እንዴት ብዬ ልናገር?

ሦስተኛ፣ የሌሊት ጥበቃ ተራ ላይ ስሜን ጽፈውታል። ቋንቋው ገና ነው። ይቅርብኝ ማለት ይቻላል?

መልስ፣ ማላንግ የምትኖር እህት

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። እዚህ 11 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ባለቤቴ የጃቫ ሰው ነው። የመሬቱን ነገር ልንገርህ።

በስምህ አይሆንም። 1960 ላይ የወጣው የመሬት ሕጋቸው «ሃክ ሚሊክ» የሚባለውን ሙሉ ባለቤትነት የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። «በሚስቴ ስም እገዛለሁ፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ ነው። ስለዚህ እሷ ብቻዋን ብትገዛም ግማሹ የውጭ ዜጋ ንብረት ሆነ ይባላል። የመሬት ሽያጭ ውል የሚያዋውለው ሰው፣ «ፔፔአቴ» ይሉታል፣ ይሄን ካየ አይፈርምላችሁም።

መፍትሔው ንብረታችሁ የተለያየ መሆኑን የሚገልጽ የጋብቻ ውል ነው። ድሮ ከጋብቻ በፊት ካልተፈረመ ዋጋ አልነበረውም። ከጃፓናዊ ጋር የተጋባች አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ቤት እንዳትገዛ ስትከለከል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች። 2016 ላይ ፍርድ ቤቱ በትዳር መካከልም መዋዋል ይቻላል ብሎ ወሰነ። ያቺ ሴት ለስንቶቻችን እንደደረሰች! እኔና ባለቤቴ የፈረምነው ከዚያ በኋላ ነው። ኖታሪ፣ ውል አረጋጋጭ ማለት ነው፣ እሱ ጋ ተፈራርመን፣ ጋብቻችን የተመዘገበበት ቢሮ ወስደን አስመዘገብነው። ለሙስሊም አብዛኛውን ጊዜ «ኩዋ» የሚባለው የሃይማኖት ጉዳይ ቢሮ ነው። ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም።

አንድ ነገር ግን ቶሎ እይ። የተጋባችሁት ጅዳ ከሆነ ጋብቻው እዚህ መመዝገብ አለበት። ሕጉ የሚለው ከተመለሳችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ሰባቱ ወር አልፏል።

አማቶችህ ለልጃቸው የሚያወርሷት መሬት የግሏ ነው፤ እሱ ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ክፉ አይንካትና፣ ከእሷ ወደ አንተ በውርስ የሚመጣ ሃክ ሚሊክ ቢኖር ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ ለዜጋ ማስተላለፍ ግዴታህ ነው።

ሌተር ሴ የግብር መዝገብ ነው እንጂ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ሻጩ መጀመሪያ በራሱ ስም ሰርቲፊካት፣ ካርታ ማለት ነው፣ ያውጣ። «ፔቴኤስኤል» የሚባል መንደርን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚመዘግብ የመንግሥት ፕሮግራም አለ። መንደራችሁ ተራው ደርሶት እንደሆነ የመንደሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነም በዓይናችሁ እዩ። የሟች አባቱ ስም ከሆነ ወንድሞቹና እህቶቹ በሙሉ ይፈርሙ። አንዷ ሆንግ ኮንግ ሥራ ላይ ናት ቢሏችሁ፣ እስክትፈርም ጠብቁ። እኛ ሰፈር ያየሁት ጠብ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። በደረሰኝና በቴምብር ብቻ ገንዘብ እንዳትሰጡ። ገዢ ከግብር ነጻ ከሆነው መነሻ በላይ ባለው ዋጋ ላይ 5 በመቶ፣ ሻጭ 2.5 በመቶ ግብር ስላለባቸው እሱንም ቀድማችሁ አስቡት።

መልስ፣ ሪያድ ያለ ወንድም

እህታችን ሁሉን ተናግራለች። እኔ የደረሰብኝን ልጨምር። የእኔ ባለቤት የኢንድራማዩ ልጅ ናት። ሁለታችንም እዚህ ነን። ወረቀቱ አስቸገረን ብለን ማሳውን በዘመድ ስም ገዛን። በጎን «የእኛ ነው» የሚል ወረቀት አስፈረምነው። ዘመድየው ሲቸግረው ሸጠው። ፍርድ ቤት ብንሄድስ? የውጭ ዜጋን በስውር ባለመሬት የሚያደርግ ውል ሕጉ ራሱ ፈራሽ ያደርገዋል። የአራት ዓመት ላባችን ቀረ። በማንም ስም እንዳታስቀምጡ፣ የባለቤትህ እናት ቢሆኑም።

ደግሞ የእርሻ መሬት ባለቤት ማሳው ባለበት «ከቻማታን»፣ በኛ ወረዳ በሉት፣ ውስጥ መኖር አለበት የሚል የቆየ ደንብ አለ። እናንተ እዚያው መሆናችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ጋዳዩን በተመለከተ፦ 1960 ላይ የወጣ ድንጋጌ አለ። በጋዳይ የተያዘ የእርሻ መሬት 7 ዓመት ከሞላው ባለመሬቱ ምንም ሳይከፍል ይረከባል። ከዚያ በፊት ከወሰደውም የሚመልሰው እየተቀነሰ ነው። ገንዘቤ እንዳለ ይመለሳል ብለህ እንዳትቆጥር። ጋዳይ ወለድ ነው የሚሉ ዑለማዎችም አሉና የመስጊዱን ሰው ጠይቅ። ለመጀመሪያው ዓመት እኔ ብሆን የእኩል ነው የማርሰው። እነሱ «ማሮ» ይሉታል። መሬቱንም ሰዉንም ታውቅበታለህ።

መልስ፣ ቦጎር ግብርና የተማረ

የማሳውን ወረቀት ለነገ አቆዩት። ሽቦው ዛሬ ማታ ይነሳ።

የእናንተ ንጋዊና ጎረቤቱ ስራገን በዚህ ነገር ብዙ ሰው ቀብረዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሽቦውን የዘረጉት ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። ሌሊት ውሃ ሊያዩ ይወጣሉ፣ አጥፍቼዋለሁ ብለው ይረግጣሉ። 220 ቮልት ነው። እግር ጭቃ ውስጥ ነው። ማምለጫ የለውም። ፖሊስም ሆነ የመንግሥቱ የመብራት ድርጅት ፔኤልኤን ከልክለውታል። ሌላ ሰው ከሞተበት በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ እስከ 5 ዓመት ያሳስረዋል።

የአይጡ ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ ወንድምየው ያለ ምክንያት አይደለም። አይጥ አብዝታ የምትወልደው ሩዙ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ነው። ጎረቤታሞች በተለያየ ሳምንት ከተከሉ ምግቡ አይቋረጥባትም፤ መውለዷም አይቋረጥም። ስለዚህ መጀመሪያ የገበሬ ማኅበሩ አንድ ላይ ይትከል። ከመትከል በፊት መንደሩ ወጥቶ ጉድጓድ እየቆፈረ አይጥ ይግደል። «ግሮፕዮካን» ይሉታል፤ ደቦ ነው። ማሳውን ዝቅ ባለ ፕላስቲክ አጥሩት፤ ቀዳዳ ተዉለትና ቀዳዳው ላይ የሽቦ ወጥመድ አስቀምጡ። የጉጉት ቤትም አለ። ደማክ አውራጃ ያለ ትሎጎዌሩ የሚባል መንደር በጉጉት የታወቀ ነው። አንድ ጉጉት በሌሊት ሁለት ሦስት አይጥ ይበላል፤ ደመወዝ አይጠይቅም።

ጠያቂ

አላህ ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ወንድም ነገርኩት። «ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፣ ሰው ሲመጣ አጠፋዋለሁ» ይላል። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። እንዴት ልመልስለት?

መልስ፣ ቦጎር ግብርና የተማረ

የሚጠብቅ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። አንተ ለብቻህ አትግጠመው። ጃቫ ውስጥ ታላቅን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ነው። ባለቤትህ ለ«ፓክ ኤርቴ»፣ ለሰፈሩ ተጠሪ፣ ቤቱ ሄዳ ትንገረው። ትንሽ ሻይና ስኳር ይዛ። የልጁን መንገድ ትንገረው፣ የወንድሟን ስም አታንሳ። እሱ በስብሰባ ላይ ለሁሉም ያነሳዋል።

መልስ፣ ዮግያካርታ አጠገብ የሚኖር

ስለ ጥበቃው ማንም አልመለሰልህም። «ሮንዳ» እንዳይቀርብህ! እኔ ሰው የሆንኩት እዚያ ነው። ቋንቋ አያስፈልገውም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ጎጆዋ ውስጥ ትሰበሰባላችሁ። ቡና አለ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ አለ። ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። በየበሩ አጥር ላይ ትንሽ ጣሳ ተንጠልጥሎ ታያለህ። ውስጡ እፍኝ የማይሞላ ሩዝ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሳንቲም አለ። «ጂምፒታን» ነው። ተረኛው ይሰበስበዋል፤ ለታመመ፣ ለሞተበት፣ ለመንገዱ መብራት ይውላል። እድር ነው፤ በየሌሊቱ የሚሰበሰብ እድር።

ጎጆዋ ላይ የተንጠለጠለ የተቦረቦረ እንጨት አለ፤ «ከንቶንጋን» ነው። አመታቱን መጀመሪያ ተማር። ለሌባ፣ ለእሳት፣ ለጎርፍ፣ ለሞት የተለያየ ነው፤ ከቦታ ቦታም ይለያያል። ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ ከተመታ ግን የትም ቢሆን አደጋ ነው። ቦት ጫማ አድርግ። ነጭና ጥቁር የተሸነሸነ «ወሊንግ» የሚባል እባብ ሌሊት ይወጣል። ንክሻው ብዙ አያምም፣ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ይገድላል። ልጆቹንም መሬት ላይ አታስተኛ።

ቤት የመጣ ዘመድ ካደረም ለፓክ ኤርቴ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አትርሳ። በየመንደሩ መግቢያ ተጽፏል።

ጠያቂ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሽቦው ተጠቅልሎ ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ፓክ ኤርቴ በስብሰባ ሲናገር የባለቤቴ ወንድም አቀርቅሮ ነበር። በነጋታው ራሱ ችካሎቹን ሲነቅል አየሁት። አብሬው ነቀልኩ። ምንም አልተባባልንም። ልጄ አሁን በዋናው መንገድ ነው የሚመለሰው።

ጋብቻችን አልተመዘገበም ነበር፤ ጀምረናል። ኖታሪም አግኝተናል። ሻጩ ሰርቲፊካቱን እስኪያወጣ ማሳውን የእኩል ይዘነዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሌሊት ሮንዳ ነኝ፤ ጣሳውን የሚይዘው እኔ ነኝ።

የጉጉት ቤት ልንሠራ ነው። ምን ያህል ከፍ ይበል?

መልስ፣ ቦጎር ግብርና የተማረ

አራት ሜትር ገደማ ምሰሶ ላይ፣ ማሳው መሃል። ምሰሶውን በቆርቆሮ ጠቅልሉት፣ እባብ እንዳይወጣበት። የአይጥ መርዝ ከዚያ በኋላ በማንም ማሳ አይረጭ፤ አይጡን የበላው ጉጉት ይሞታል። ይሄን ለፓክ ኤርቴ ቀድማችሁ ንገሩት።