የ386 ማዘርቦርድ ላይ ባትሪ ፈሶ ኪቦርድ አልሰራ አለ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የድሮ 386 ኮምፒውተር ማዘርቦርድ (ዋናው ቦርድ) አለኝ። በርሜል የሚመስለው 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ፈሶበታል። ከኪቦርዱ መሰኪያ እስከ ኪቦርዱን የሚቆጣጠረው ባለ 40 እግር ቺፕ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። ሲበራ ሜሞሪውን ቆጥሮ ይጨርስና የኪቦርድ ስህተት ብሎ ቀጥ ይላል። ኪቦርዱ ሌላ ማሽን ላይ ይሰራል። ቺፑን ልቀይረው? ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በእንደዚህ ያለ ማሽን ስለሆነ ልጥለው አልፈልግም።

መልስ 1
ቺፑን ገና አትንካው። እሱ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ እስከ መቁጠር እንኳን አይደርስም ነበር። እኔ ቦርዱ ላይ ያሉትን የመዳብ መስመሮች ነው የምጠረጥረው።

ባትሪውን ቆርጠህ አውጣ። የፈሰሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሲድ አይደለም፣ አልካላይ ነው፤ ስለዚህ ማርከሻው ነጭ አቼቶ ነው። ጓንትና መነጽር አድርግና በጥጥ ነካ ነካ አድርገው። አረፋው ሲያቆም በዲስቲልድ ውሃ በደንብ እጠበው፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገውና ይድረቅ። አቼቶ ከቀረበት እሱም በተራው መዳቡን ይበላል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። መስመሮቹን የሸፈነው የቦርዱ ቀለም የጠቆረበትን ወይም ያበጠበትን ቦታ በፋይበርግላስ ብዕር ፋቀው። መዳቡ ካብረቀረቀ ደህና ነው፤ ጠቁሮ ከተፈረፈረ አልቆለታል። ፈሳሹ ከቀለሙ ስር መስመሩን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከላይ ንጹህ የሚመስለውንም አትመን። ግራጫ የሆነ ሊድ (መበየጃው) በካውያ እሺ ብሎ አይቀልጥም። ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) እና አዲስ ሊድ ጨምርበት፣ ሲቀልጥ ምጠጠው።

አሁን ቴስተር አንሳ። ባለ 5 እግሩ ክብ መሰኪያ ላይ 1 ክሎክ፣ 2 ዳታ፣ 4 ግራውንድ፣ 5 ደግሞ 5 ቮልት ነው። አብርተህ 4 እና 5 መካከል ለካ። ቮልቱ ከሌለ እዚያው አካባቢ ትንሽ ፊውዝ ፈልግ። ካለ አጥፋውና 1 እና 2ን እስከ ቺፑ ድረስ ተከተል፣ ቁራጭ በቁራጭ። የተቆረጠውን በቀጭን ባለ 30 ጌጅ ሽቦ አገናኘው።

መልስ 2
የላዩንና የታቹን መስመር የሚያገናኙትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዳትረሳ። መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው። የቺፑ ሶኬት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነም ሶኬቱን ቀይረው።

ጠያቂው
5 ቮልቱ አለ። የክሎኩ መስመር ነው፣ መሰኪያው ስር ያለው ቀዳዳ ውስጥ ተበልቶ አገኘሁት። ሽቦ አሳልፌ በሁለቱም ፊት በየድኩት። ኪቦርዱ ሰራ! እግዜር ይስጥልኝ። በባትሪው ቦታ ሲአር 2032 (ሳንቲም የሚመስለውን ባትሪ) ባደርግስ?

መልስ 1
እሰይ! ይቻላል፣ ግን እንዳለ አታስገባው። ቦርዱ የድሮውን ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግበት መስመር አለው፤ ሲአር 2032 ደግሞ ቻርጅ ከተደረገ ሊፈነዳ ይችላል። በፖዘቲቩ በኩል ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገባ፣ ቀለበቱ ያለበት ጫፍ ወደ ቦርዱ ይሁን። የባትሪውን ማቀፊያ ደግሞ በሽቦ አርቀህ ከቦርዱ ውጪ አስቀምጠው።